በመረቡ ውስጥ ያለው ዓሣ የማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ።

«ስለ ዓሣና ስለ ጂኖሚክስ ተናገር» ነው የተባልኩት። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ሰው ቶሎ የሚመጣለት በቤተ ሙከራ ዘረመሉ የተቀየረ ዓሣ ነው። የዛሬው ወሬዬ ሌላ ነው። በባሕርና በሐይቅ ውስጥ እንደ ልቡ የሚኖረውን ዓሣ ዲኤንኤውን አንብበን ምን ያህሉን፣ የትና መቼ ብናጠምድ ዘሩ እንደማይጠፋ ስለ መወሰን ነው የማወራው። ሥራው በሰፊው የተሠራው ከእኛ ርቆ ስለሆነ ምሳሌዎቼ አብዛኞቹ ከኖርዌይ፣ ከባልቲክና ከአውስትራሊያ ናቸው። ወደ ጣና መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አንድ የአዋጅ ቁጥር ብቻ በእኛው ነው።

የዓሣ ሀብትን የሚያስተዳድር ሰው፣ የኖርዌይ ሚኒስትርም ይሁን የወረዳ ባለሙያ፣ ከሁለት ጥያቄ አያመልጥም። ዛሬ መረብ ውስጥ የገባው ዓሣ ከየትኛው መንጋ ነው? ከዚያ መንጋስ ስንት ወላጅ ውኃ ውስጥ ቀርቷል? ኮታው፣ የመረቡ ዓይን ስፋት፣ ውኃው የሚዘጋበት ወር፣ ሁሉም የሚወጡት ከእነዚህ ሁለት መልሶች ነው። መንጋ ስል እርስ በርሱ የሚዋለደውን፣ እንቁላሉን አንድ ቦታ የሚጥለውን ስብስብ ማለቴ ነው። በመንግሥት ካርታ ላይ የተሠመረው የማጥመጃ ክልል ከዚህ ጋር ላይገጥም ይችላል። ችግሩም እዚያ ላይ ይጀምራል።

የወል ግጦሽ አስቡ። የአራት መንደር ከብት ቀን ተቀላቅሎ ይውላል፤ ሲመሽ እያንዳንዱ ወደ በረቱ ይገባል። አንድ ሰው እኩለ ቀን ላይ መጥቶ «ከብቱ ብዙ ነው፣ ከአሥሩ አንዱን ብነዳ ማንም አይጎዳም» ቢል፣ ከአራቱ መንደሮች አንዱ ያለችው ስምንት ላም ብቻ ብትሆንስ? ዓሣን ለረጅም ዘመን ስናስተዳድር የኖርነው እንደዚህ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እየቆጠርን።

ሎፎተን በሰሜን ኖርዌይ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ የሚገኝ የደሴቶች ሰንሰለት ነው። ክረምታቸው ሊወጣ ሲል፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ ከባረንትስ ባሕር ተነስቶ እንቁላሉን ሊጥል ወደዚያ ይጎርፋል። ኖርዌያውያን ስክራይ ይሉታል። በዓለም ትልቁ የኮድ ክምችት እሱ ነው፤ በ2013 የተፈቀደው ኮታ አንድ ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር። በዚያው ውኃ ውስጥ ግን ሌላ ኮድ አለ። እዚያው ፊዮርድ፣ ማለትም ባሕሩ ወደ የብስ በሚገባበት ጠባብ ሸለቆ፣ ውስጥ ተወልዶ እዚያው የሚያረጅ የባሕር ዳርቻ ኮድ ነው፤ በቁጥር ከስክራዩ ጋር አይወዳደርም፣ ለዓመታትም ተዳክሞ የቆየ ነው። ሁለቱን ጀልባ ላይ ቆሞ ማንም በዓይኑ አይለያቸውም። ስክራዩን እየጎተትክ ነው ያልከው መረብ ግማሹ የደከመው መንጋ ሊሆን ይችላል።

ሁለት መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። በ1933 ጉናር ሮሌፍሰን የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ በዓሣው ጭንቅላት ውስጥ ያለችውን የጆሮ ድንጋይ ሰብሮ አየ። ይህች ነጭ ድንጋይ ዓሣው ሚዛኑን የሚጠብቅባት ናት፤ ስትሰበር የዕድሜ ቀለበቶች ይታዩባታል። የሁለቱ ኮዶች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለበቶች ቅርጻቸው ይለያያል። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን የለመደ ዓይን ይፈልጋል፤ ዓሣ አስጋሪው ጀልባውን አስነስቶ እየጠበቀ መልስ የሚያገኝበት መንገድ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ፓንቶፊዚን የሚባል አንድ ጂን ነው። ሁለት ዓይነት ቅጂ አለው፤ ሀ እና ለ እንበላቸው። ስክራዩ በአብዛኛው ለ ይይዛል፣ የባሕር ዳርቻው ኮድ በአብዛኛው ሀ። ከ2009 ጀምሮ የኖርዌይ የባሕር ምርምር ኢንስቲትዩት በሎፎተን ውስጥ፣ በሄኒንግስቫር አካባቢ፣ ይህንን ወደ ሥራ አስገባው። ከተያዘው ዓሣ ላይ ናሙና ይቆረጣል፣ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል፣ ውጤቱ ናሙናው በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ከናሙናው ውስጥ የስክራዩ ድርሻ ከመቶ 70 ሲያልፍ ውኃው ይከፈታል። ካላለፈ እንደተዘጋ ይቆያል።

እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ 24 ሰዓቱ ነው። የዘረመል ጥናት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ፈጅቶ፣ ታትሞ፣ በጉባኤ ቀርቦ፣ ዓሣው ከተበላ በኋላ ይደርሳል። እዚህ ግን ከናሙናው እስከ ውሳኔው ያለው መንገድ አስቀድሞ ተጠርጓል፤ ማን እንደሚቆርጥ፣ ማን እንደሚያነብ፣ ቁጥሩ ስንት ሲሆን ማን እንደሚዘጋ ይታወቃል። ለተዘጋበት ሰው መዝጋቱ የሚቀበሉት ነገር የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ነገ ናሙናው ከተለወጠ ነገ ይከፈትለታል።

አሁን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድን ጂን ማንበብ ገና ጂኖሚክስ አይባልም። ጂኖሚክስ የመጣው በኋላ ነው፤ የኮድ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ሙሉ ጽሑፍ፣ በ2011 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ታተመ። ከዚያ በኋላ በ2016 ግልጽ የሆነው ነገር ያ የፓንቶፊዚን ጂን ብቻውን የቆመ አለመሆኑ ነው። በአንደኛው ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን የተገለበጡ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ጂኑ የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። የተገለበጠ ክፍል ካልተገለበጠው ጋር በቀላሉ አይደባለቅም፤ ስለዚህ በውስጡ ያሉት መቶዎቹ ጂኖች ተያይዘው ይወረሳሉ። ለረጅም ጉዞና ለጥልቅ ውኃ ይጠቅማሉ የሚባሉትም እዚያው ይገኛሉ። ይህ ለአስተዳዳሪው ማስጠንቀቂያም ነው። ያ ጂን የሚነግረን በዋናነት ዓሣው ተጓዥ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ነው፤ የትውልድ ሐረጉን ሙሉ በሙሉ አይነግረንም። በኖርዌይ ዳርቻ ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር የባሕር ዳርቻው ኮድ ራሱ ቀስ በቀስ ይለወጣል እንጂ አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ ጂን ብቻ መፍረድ ለሎፎተን ይሠራ ይሆናል፤ ለሌላው ፊዮርድ ላይሠራ ይችላል።

ወደ ሄሪንግ ልለፍ። የሰሜን አውሮፓን ኩሽና የመገበ ትንሽ ብርማ ዓሣ ነው፤ በአንድ መንጋ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ሊኖር ይችላል። በባልቲክ ውስጥ ያለው ከአትላንቲኩ ያንሳል፣ ስዊድናዊው የዝርያዎች ሰያሚ ሊኔየስም በ1761 ለብቻው ስም ሰጥቶታል። አንዱ በጸደይ፣ ሌላው በመኸር እንቁላሉን ይጥላል። አጥማጆች ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን የስዊድን ተመራማሪዎች በጊዜው በነበረው የፕሮቲን ዘዴ ሲፈትሹ ከሞላ ጎደል ልዩነት አጡ። የባልቲኩ፣ የአትላንቲኩ፣ የጸደዩ፣ የመኸሩ፣ ሁሉም አንድ ይመስላል። አጥማጁ ተሳስቷል ወይስ ሳይንቲስቱ?

ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ2016፣ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሌይፍ አንደርሰን ቡድን የሄሪንግን ሙሉ ጂኖም አንብቦ መልሱን ሰጠ። አንደርሰን በወጣትነቱ ያንን ልዩነት ካጡት ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሄሪንግ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ስለሆነ በአጋጣሚ የሚመጣ የዘረመል ልዩነት በመንጎቹ መካከል አይጠራቀምም፤ ጥቂት ዓሦች በየትውልዱ ከመንጋ ወደ መንጋ መሻገራቸው የጂኖሙን አብዛኛውን ክፍል አንድ አድርጎ ለማቆየት ይበቃል። ልዩነቱ ያለው ተፈጥሮ አጥብቃ በመረጠቻቸው ቦታዎች ብቻ ነው። እዚያ ግን ልዩነቱ ስንጥቅ ሳይሆን ገደል ነው። የታይሮይድ ሥራን የሚመራ አንድ ጂን አካባቢ የጸደዩና የመኸሩ ሄሪንግ ፈጽሞ ይለያያሉ። የዓይን ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን የሆነው ሮዶፕሲንም የባልቲኩ ሄሪንግ ላይ ተለውጧል፤ የባልቲክ ውኃ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ወደ ቀይ ያደላልና። የቀድሞዎቹ ጥናቶች በመላው ጂኖም ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ሲነኩ እነዚህን ቦታዎች ሳያገኟቸው አለፉ። አጥማጁ አልተሳሳተም ነበር።

ይህ ዕውቀት ገበያ ወርዷል። ከስኮትላንድና ከአየርላንድ በስተምዕራብ ያሉ የሄሪንግ መንጎች በበጋ አንድ ቦታ ተቀላቅለው ስለሚመገቡ፣ የጥናቱ መርከብ በድምፅ ሞገድ ሲቆጥራቸው የማን የማን እንደሆኑ አይለይም ነበር። መለየት ካልተቻለ ደግሞ ጥንቃቄው ሁሉንም ይይዛል፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ፍለጋ ምክር ቤት ከ2016 ጀምሮ ለተቀላቀለው ክምችት «ዜሮ ይጠመድ» እያለ መከረ። በኋላ ከጂኖሙ የተመረጡ ጥቂት ደርዘን ምልክቶች ተወስደው የተቆጠረው ዓሣ በየመንጋው ተከፈለ፤ በ2022ም ምክር ቤቱ ለየብቻ መገምገም ጀመረ። ልብ በሉ፣ ሙሉ ጂኖም ማንበብ አንዴ የሚሠራ ውድ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚሠራበት ርካሹ የምልክቶች ዝርዝር ነው።

እስካሁን ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ነው ያወራሁት። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ስንት ቀርቷል?

በ1992፣ ሐምሌ 2 ቀን፣ የካናዳ መንግሥት በኒውፋውንድላንድ የኮድ ማጥመድን አገደ። ሠላሳ ሺህ ያህል ሰው ሥራ አጣ። እገዳው የተነሳው በ2024 ነው። ስሕተቱ ከየት መጣ ከተባለ፣ አንዱ ምክንያት ቁጥሩ ይገመት የነበረው አጥማጆች ከሚያገኙት ምርት መሆኑ ነው። ዓሣው ሲቀንስ የቀረው አንድ ላይ ይሰበሰባል፤ ዘመናዊው መርከብም የተሰበሰበውን ያገኘዋል። ምርቱ ጥሩ ሆኖ ይቀጥላል፣ እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ። ጣና ላይ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ይህ አዲስ አይሆንባቸውም፤ ወንዝ አፍ ላይ ክረምት የሚገኝ ምርት ስለ ሐይቁ የሚናገረው ጥቂት ነው።

አጥማጁን ሳይጠይቁ ለመቁጠር የተገኘው መንገድ ግሩም ነው፤ ትንሽ ሒሳብ ስላለው ታገሡኝ። እያንዳንዱ ዓሣ አንዲት እናትና አንድ አባት አለው። ከአንድ ሐይቅ 1,000 ለመራባት የደረሱ ዓሦችና 1,000 ያልደረሱ ዓሦች ናሙና ወሰድን እንበል። ያልደረሱት 1,000 በድምሩ 2,000 ወላጅ አላቸው፣ እናትም አባትም ተቆጥሮ። በዲኤንኤ ስናመሳክር ከእነዚህ 2,000 ውስጥ 20 ጊዜ ወላጁ በእጃችን ካሉት የደረሱ ዓሦች መካከል ተገኘ። ይህ ከመቶ አንድ ነው። ስለዚህ በእጃችን ያሉት 1,000 ወላጆች ከሐይቁ ወላጆች ከመቶ አንዱ ናቸው፤ ሐይቁ ውስጥ 100,000 ወላጅ አለ ማለት ነው። በእርግጥ ትልቋ እናት ከትንሿ ብዙ እጥፍ እንቁላል ስለምትጥል ዕድሜና መጠን እየታየ ይስተካከላል። መሠረቱ ግን ይኸው ነው። የተገኘው የወላጅና የልጅ ጥንድ ሲያንስ ዓሣው ብዙ ነው፣ ጥንዱ ሲበዛ ዓሣው አልቋል።

ይህንን በትልቁ የሠሩት አውስትራሊያውያን ናቸው፤ የሳይንስ ተቋማቸው ሲሲሮ፣ በደቡባዊው ሰማያዊ ክንፍ ቱና ላይ። ይህ ቱና እስከ 40 ዓመት ይኖራል፣ እንቁላል የሚጥለውም በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በጃቫ ደሴትና በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ መካከል። የደረሱት ሲያዙ ባሊ ላይ ቤኖዋ ወደብ ይራገፋሉ። ያልደረሱት በደቡብ አውስትራሊያ ባሕረ ሰላጤ ተይዘው ፖርት ሊንከን ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ ወደቦች ላይ ሰው ቆሞ ከእያንዳንዱ ዓሣ ትንሽ ሥጋ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። ከ2006 እስከ 2010 ከተሰበሰቡት 14,000 ያህል ዓሦች መካከል የተገኙት ወላጅና ልጅ 45 ጥንድ ናቸው። ከዚያ የተሰላው ወደ ሁለት ሚሊዮን የደረሰ ዓሣ ነው፤ ቀድሞ ከተገመተው በለጠ። ጥናቱ በ2016 ታተመ።

ለምን በዚህ ዓሣ ላይ? ለዓመታት ያልተመዘገበ ብዙ ምርት መኖሩ በ2006 አካባቢ ስለተጋለጠ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ የገበያ መዝገቡ ሲጎረጎር ክምችቱ ይገመት የነበረባቸው ቁጥሮች ራሳቸው የማይታመኑ ሆነው ተገኙ። ያኔ ከመዝገብ ነጻ የሆነ ቆጠራ አስፈለገ። ሥጋ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ካፒቴኑ ምን ብሎ እንደጻፈ አያውቅም። ዛሬ የቱናው ኮሚሽን ኮታ የሚያወጣበት ስሌት፣ በ2019 የጸደቀው፣ ይህን የዝምድና ቆጠራ በውስጡ ይዟል። ክምችቱ በ2011 ከመጀመሪያው ከመቶ አምስት ገደማ ላይ ነበር፤ በ2020 ግምገማ ከመቶ 20 ደርሷል። ምስጋናው በሙሉ ለጂኖሚክስ አይገባም፤ ኮታው አስቀድሞ በ2009 ተቆርጦ ነበር፣ ያ ቁርጠት ነው ዓሣውን ያቆየው። ጂኖሚክሱ ያደረገው ነገር መቼ ማላላት እንደሚቻል ያለ ጭቅጭቅ መናገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁለቱ ጥያቄዎች ወጣ ያለ። ማጥመድ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚቀንሰው ወይስ ዓሣውንም ይለውጠዋል? በምሥራቅ ባልቲክ የሚኖር ኮድ ነበር፣ ትልቅ ዓሣ። ዛሬ ሰሃን የማይሞላ ሆኗል። በጀርመን ኪል ከተማ ያለው ጂኦማር የሚባል የውቅያኖስ ምርምር ማዕከል ከ1996 እስከ 2019 በቦርንሆልም ደሴት አካባቢ ከተሰበሰቡ የጆሮ ድንጋዮች 152 መርጦ ከአንዲቱ ድንጋይ ሁለቱንም አነበበ፤ ከቀለበቶቿ ዓሣው በምን ፍጥነት እንዳደገ፣ ድንጋይዋ ላይ ከቀረው ደረቅ ሕብረ ሕዋስ ደግሞ ዲኤንኤውን። ውጤቱ በ2025 ወጣ። ዓሣው ሊደርስበት የሚችለው ርዝመት በግማሽ ገደማ አንሷል፤ ከፈጣን ዕድገት ጋር የተያያዙት የዘረመል ቅጂዎችም ከትውልድ ወደ ትውልድ እየሳሱ ሄደዋል። የመረቡ ዓይን ትልቁን ይይዛል፣ ትንሹን ያሳልፋል፤ ቶሎ የሚያድገው ዘር ሳይወልድ ያልቃል። ኦክስጅን ማነሱና ጥገኛ ትላትሎችም አሉበት፤ ብቻውን ማጥመዱ ነው አይባልም። ማጥመዱ በ2019 ተዘግቷል፤ መዝጋት ግን የጠፋን ቅጂ በማግሥቱ አይመልስም።

ከዚህ ተነስቶ «ማጥመድ ሁሌም ዓሣን ያሳንሳል» የሚል ካለ ደግሞ በ2021 የወጣውን ሌላ ጥናት ይይ። በ1907 ከኖርዌይ፣ በ1940 ከካናዳ የተቀመጡ የኮድ ናሙናዎች ከዛሬዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ እንዲህ ያለ አሻራ አልተገኘባቸውም፤ ያውም ካናዳ፣ ያ ሁሉ ዓሣ ባለቀበት። ስለዚህ ከአንዱ ውኃ ለሌላው ሕግ መቅዳት አይቻልም።

አሁን ወደ ጣና። ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና አላንዛዛም። እዚህ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ፣ ከአሥራ አምስት በላይ ዝርያ ሆኖ አንድ ሐይቅ ውስጥ ተፈጥሯል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካለው የዓባይ ዓሣ ለይቷቸዋል። ሐይቁ ራሱ ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የወጣው ደለል ያሳያል። ከእነዚህ ዝርያዎች ሰባት ያህሉ ክረምት ላይ ወደ ወንዝ ወጥተው ነው የሚራቡት፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ፣ ድርማና አርኖ-ጋርኖ። አጥማጁም የሚጠብቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነው፣ ከደንገል ታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ። የሞተሩ ማጥመድ የተጀመረው በ1986 ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረጉት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ ወንዝ ላይ የሚራቡት ዝርያዎች ከመቶ 75 ያህል ቀንሰው ተገኙ።

እዚህ ላይ ጂኖሚክስ ምን ያደርግልናል? እኔ የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው። ጉማራ ላይ የተወለደው ነጭ ዓሣ ለመራባት ተመልሶ ጉማራ ይወጣል ወይስ ያገኘው ወንዝ ውስጥ ይገባል? ተመልሶ የሚሄድ ከሆነ እያንዳንዱ ወንዝ የራሱ መንጋ አለው፤ ርብ ላይ የተሠራው ግድብና የወንዝ አፍ መረብ የሚያጠፉት መንጋ ከሌላ ወንዝ አይተካም። ያገኘው ወንዝ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጥሩ ወንዝ አጥብቆ መዝጋት ሌሎቹን ሊያድን ይችላል። ሁለቱ መልሶች የሚያስከትሉት ውሳኔ ፈጽሞ የተለያየ ነው። የብዙ ወንዝ መንጋ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም የአላስካው ብሪስቶል ቤይ አሳይቷል፤ የቀዩ ሳልሞን መንጎች በመቶ የሚቆጠሩ ባይሆኑና አንድ ቢሆኑ ኖሮ ማጥመዱ የሚዘጋባቸው ዓመታት አሥር እጥፍ ይበዙ እንደነበር ተሰልቷል። አንዱ ወንዝ ሲከፋበት ሌላው ይደላዋል።

ቀላል ነው አልላችሁም። ቆሮሶው፣ ማለትም ቲላፒያው፣ 44 ክሮሞሶም ነው ያለው፣ ሙሉ ጂኖሙም ከ2014 ጀምሮ ታትሟል፤ ለእሱ መንገዱ የተጠረገ ነው። ነጭ ዓሣው ግን 150 ያህል ክሮሞሶም አለው፤ ቅድመ አያቶቹ ጂኖማቸውን አባዝተው ስድስት እጥፍ አድርገውታል። ስናነብ አንዱን ቅጂ ከመንትያው መለየት ያስቸግራል፤ የተለመደው የኮምፒውተር ፕሮግራም ልዩነት የሌለበት ቦታ ልዩነት ያያል። ከዚህ በፊት ከእናት ብቻ በሚወረሰው በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የተሠሩት ጥናቶችም በዝርያዎቹ መካከል ያገኙት ልዩነት ጥቂት ነው። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው አንድ ዓሣ ነው፣ መጠበቅ አያስፈልገውም» ለሚል ሰው የሄሪንጉን ታሪክ ንገሩት።

ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ማሽኑ የት አለ?» ብለው ነው። ማሽን ችግር አይደለም፤ ናሙና በፖስታ ይሄዳል፣ ማንበብም በየዓመቱ እየረከሰ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ውጤቱ ሲመጣ ማን ነው የሚዘጋው? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕግ የለም አይባልም። ሎፎተን ላይ ያየነው ዓይነት፣ ቁጥሩ ይህን ያህል ሲደርስ እገሌ በዚህ ቀን ይዘጋል የሚል አስቀድሞ የተጻፈ ስምምነት ግን ያስፈልጋል፤ ያም ከአስጋሪዎች ማኅበራት ጋር ቁጭ ተብሎ እንጂ ከቢሮ በደብዳቤ አይሆንም። ለተዘጋባቸው ሳምንታት ቤተሰቡ ምን እንደሚበላ ያልመለሰ ዕቅድ ወንዝ አፍ ላይ ሌሊት ይፈርሳል።

ሁለተኛው ናሙናው ነው። ባልቲኮች ወደ ኋላ ማየት የቻሉት በ1996 የጆሮ ድንጋይ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ቀን የጻፈበት ሰው ስለነበር ነው። እኛ ዛሬ ብንጀምር ነጭ ዓሣ ላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ከክንፉ ጫፍ የጥፍር ያህል ቁራጭ፣ 96 ከመቶ አልኮል ያለበት ትንሽ ብልቃጥ፣ ወንዙ፣ ቀኑ፣ የዓሣው ርዝመትና የመረቡ ዓይን ስፋት። ይህ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፍና ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ብልቃጡ የየትኛው ወንዝ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ዓሣው ተመልሶ ወደ ውኃ ይለቀቃል፣ አይሞትም። ሥራው ያለው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ፣ የፎገራ ሜዳ ረግረግ ሆኖ፣ መኪና በማይገባበት ጊዜ። ስለዚህ የዚህ ዓመት ዕቅድ ስታወጡ፣ ከማሽኑ በፊት፣ ለስድስቱም ወንዞች ለሁለት ወር የሚሆን የጀልባ ነዳጅና የአስጋሪዎቹን የቀን አበል በበጀቱ ውስጥ አስገቡ።

አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ማይክሮፎኑ በቀኝ በኩል አለ።